ከበዓሉ መልስ ልጁ የት አለ?

የመስቀል በዓል በጨንቻ ቤተሰብ ውስጥ፤ ለምእመናንና ለካቴኪስቶች የተዘጋጀ ጥናት

የሚነበቡ ክፍሎች፦ ዘዳ. 16፥9-15፤ ማቴ. 5፥23-24፤ ሉቃ. 2፥41-52



መስከረም ከጠባ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ከአዲስ አበባ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርዱት አውቶቡሶች ከወትሮው የበለጠ ሰው ይጭናሉ። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ብዙዎቹ በሽሮ ሜዳና በሌሎች ሰፈሮች ዓመቱን ሙሉ ከድርና ከማግ ጋር ሲታገሉ የከረሙ የጋሞ ሸማኔዎች ናቸው። ለእናት ነጠላ፥ ለአባት ጋቢ፥ ለታናናሾች ልብስና ጫማ ይዘዋል። ከአርባ ምንጭ ሙቀት ተነሥተው 37 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን ጠመዝማዛ መንገድ ሲወጡ የአባያና የጫሞ ሐይቆች ከበታቻቸው ይቀራሉ። ከዚያም ብርዱ፥ ጉሙ፥ ቀርከሃውና እንሰቱ ይቀበላቸዋል። ጨንቻ ደርሰዋል፤ መስቀልም ደርሷል።

ይህ የቤተሰብ መሰብሰብ ከእግዚአብሔር የተሰጠ ታላቅ ጸጋ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ይሁን እንጂ የተሰበሰበው ቤተሰብ በዓሉ ካለፈ በኋላ እንዴት እንደሚለያይ፥ ማን ከማን ጋር እንደሚሄድና ማን በቤት እንደሚቀር ቆም ብለን የምናስብ ጥቂቶች ነን። በዚህ ጥናት በዓሉን ከዝግጅቱ እስከ ስንብቱ አብረን እንመለከተዋለን።

1. በዓሉና ወቅቱ

መስከረም 17 ቀን የምናከብረው የመስቀል በዓል ንግሥት ዕሌኒ በ4ኛው መቶ ዘመን የጌታችንን ቅዱስ መስቀል ያገኘችበት መታሰቢያ ነው። በሀገራችን የሚከበርበት ሥርዓትም በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ሰፍሯል። በጋሞ ምድር ግን መስቀል የአንድ ቀን በዓል ብቻ አይደለም። «ዮ መስቀላ» እየተባለ ሰላምታ የሚሰጥበት፥ ከበዓላት ሁሉ በላይ የሚጠበቅ፥ እንደ ዓመት መጀመሪያም የሚቆጠር ወቅት ነው። ችቦ ይበራል፤ ቤት በለምለም ሣር ይጎዘጎዛል፤ ወጣቱ ይጨፍራል፤ ከብቶች እንኳ ከወትሮው የተሻለ ሣር ያገኛሉ። በዓመቱ የተዳሩ ሙሽሮችም በሶፌ ሥርዓት አጊጠው ወደ ገበያ በመውጣት በሕዝብ ፊት ይታያሉ፤ ማኅበረሰቡም አዲሱን ቤተሰብ በአደባባይ ይቀበላል።

ወቅቱ ለገበሬው ልዩ ትርጉም አለው። ከባዱ ዝናብ እየቀነሰ ነው። የበልጉ ገብስ ተወቅቶ ወደ ቤት ገብቷል፤ የመኸሩ ደግሞ ገና አረንጓዴ ሆኖ በማሳ ላይ ይታያል። ስለዚህ በመስቀል ማዕድ ዙሪያ የተቀመጠ ቤተሰብ ስለ ሁለት ነገሮች ይጸልያል፤ በእጁ ስለገባው እህል ያመሰግናል፥ ስላልደረሰው ደግሞ ተስፋ ያደርጋል። የክርስቲያን ሕይወትም እንዲሁ በተቀበልነው ጸጋና በምንጠብቀው ጸጋ መካከል የሚኖር ሕይወት ነው። በብሉይ ኪዳን የእስራኤል ሕዝብ የመከር በዓላትን እንዲያከብር የታዘዘው ይህንኑ እንዳይረሳ፥ ምድሪቱም ፍሬዋም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን በየዓመቱ እንዲያስታውስ ነበር።

2. ዓመት ሙሉ የሚዘጋጅ ማዕድ

የመስቀል ማዕድ በአንድ ቀን አይዘጋጅም። ወንዶች ለሠንጋ መግዣ የሚሆን ገንዘብ ከወራት በፊት ጀምረው በየቡድናቸው ያጠራቅማሉ፤ በዓሉ ሲቃረብ በሬውን በጋራ ገዝተው፥ አርደው፥ ሥጋውን እኩል ይካፈላሉ። እናቶች ቅቤውን ጠብታ በጠብታ ያጠራቅማሉ። ቆጮው ተፍቆ፥ ተቀብሮና በስሎ ይጠብቃል፤ የገብሱ ገንፎ፥ ዳጣውና ቦርዴው በየፊናው ይሰናዳል። አባት የበሬውን ዋጋ ሲያስብ እናት የቅቤውን ማሰሮ ትጠብቃለች፤ ሁለቱም ግን የሚያስቡት ስለ አንድ ቀን፥ ስለ አንድ ቤተሰብ ነው።

ከዚህ የቆየ ልማድ ሁለት ትምህርቶች እንቀስማለን። የመጀመሪያው፥ ደስታ በቁጠባና በትዕግሥት የሚገኝ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፥ ብቻውን በሬ መግዛት የማይችል ድሀ ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ ከሀብታሙ እኩል ሥጋ ይዞ ወደ ቤቱ የሚገባ መሆኑ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ብሂል ለሸማኔ ሀገር የተነገረ ይመስላል።

ሆኖም ማዕዳችንን በእግዚአብሔር ቃል ልንመዝነው ይገባል። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 16 ስለ መከር በዓል ሲናገር በደስታው ተካፋይ መሆን የሚገባቸውን በስም ይዘረዝራል፤ ወንድና ሴት ልጆችን ብቻ ሳይሆን አገልጋዮችን፥ መጻተኛውን፥ ወላጅ አልባውንና መበለቲቱንም ይጨምራል። በእኛ መንደር ይህን ዝርዝር ብንጽፍ የማን የማን ስም ይገባበት ነበር? ባልዋ ከተማ ሄዶ ሳይመለስ የቀረባት ሴት አለች። ቡድኑ ውስጥ ለመግባት ገንዘብ ያጣ ሰው አለ። ልጆቹ ሁሉ ርቀው በጭስ በተሞላ ቤት ብቻውን የተቀመጠ አዛውንት አለ። እነዚህ ሳይጠሩ የተበላ ሥጋ ምንም ቢጣፍጥ የመከር በዓል ማዕድ ለመባል አይበቃም።

ስለ ዕዳም አንድ ቃል ማንሣት ያስፈልጋል። ለጎረቤት ላለማነስ ሲባል ከአቅም በላይ ተበድሮ በዓልን ማክበር በጥቅምትና በኅዳር ቤተሰቡን የሚያስለቅስ ነገር ነው። ዕዳ የያዘው አባት ደግሞ፥ ወደፊት እንደምናየው፥ በማይገባ ቦታ «እሺ» ለማለት ይፈተናል።

3. ከማዕዱ በፊት ዕርቅ

በጋሞ አባቶች ዘንድ ተጣልቶ መስቀልን መቀበል ነውር ነው። በዓሉ ሳይደርስ ባልና ሚስት፥ ወንድምና ወንድም፥ በወሰን የተካሰሱ ጎረቤታሞች ይታረቁ ዘንድ ሽማግሌዎች ይደክማሉ። ሕዝብ የሚሰበሰብበትና ዳኝነት የሚሰጥበት ዱቡሻ የክርክር ብቻ ሳይሆን የዕርቅም ስፍራ ነው። ተሰውሮ የቆየ በደል፥ ማለትም ጎሜ፥ በግልጽ ተነግሮ ካልተስተካከለ በቤተሰብና በምድር ላይ መከራ ያመጣል ብለው አባቶች ያምኑ ነበር። እኛ ክርስቲያኖች መከራን ሁሉ የበደል ቅጣት አድርገን አንመለከትም፤ ጌታችንም እንዲህ ያለውን አስተሳሰብ አርሞታል። ነገር ግን የተሸሸገ ኃጢአት ቤትን እንደሚበላ፥ መድኃኒቱም እውነትን መናገርና የበደሉትን መካስ እንደሆነ አባቶቻችን በሚገባ አውቀዋል። ለዚህ ልብ ምሥጢረ ንስሓን ማስተማር ለካቴኪስት ቀላል ነው፤ መሬቱ አስቀድሞ የታረሰ ነውና።

ጌታችን በተራራው ስብከቱ መባውን ወደ መሠዊያው ያመጣ ሰው ወንድሙ የተቀየመው መሆኑን ካስታወሰ መባውን በዚያው ትቶ መጀመሪያ እንዲታረቅ አዟል። ልብ እንበል፤ መሄድ ያለበት የተቀየመው ሰው ሳይሆን መባውን የያዘው ነው።

የዚህ ዕርቅ ኃይል ምን ያህል እንደሆነ በመስከረም 2011 ዓ.ም. መላው ኢትዮጵያ አይቷል። በዚያ ወር መጀመሪያ በቡራዩና በአካባቢው በደረሰ ጥቃት ብዙ የጋሞ ተወላጆች ለሞትና ለመፈናቀል ተዳረጉ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ልባቸው የቆሰለ ወጣቶች ለበቀል ተነሡ። የጋሞ ሽማግሌዎች ግን እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ከፊታቸው በመንገድ ላይ ተንበረከኩ። በጋሞ ባህል የሰላም ምልክት የሆነውን ሣር የያዘ፥ የተንበረከከ አባትን ተራምዶ የሚያልፍ ልጅ የለም። ወጣቶቹ ተመለሱ፤ የሰው ሕይወትና ንብረትም ተረፈ። መስቀል ሊውል የቀሩት ጥቂት ቀናት ነበሩ። በብዙ ቤቶች ኀዘን ስለነበረ የዚያ ዓመት በዓል እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም፤ ነገር ግን ከዚያ የሚበልጥ የመስቀል ስብከት አልሰማንም ብንል አልተሳሳትንም። መስቀል ማለት በደልን በበደል ባለመመለስ ማሸነፍ ነውና።

4. ከከተማ የተመለሰው ወንድም

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ከከተማ የመጣው ወንድም በማዕዱ የክብር ስፍራ ተቀምጧል። ልብሱ አዲስ ነው፤ እጁም አልታጠፈም። ታናናሾቹ ዓይናቸውን ከእርሱ ላይ አይነቅሉም። ስለ አዲስ አበባ ይጠይቁታል፤ እርሱም ስለ ሰፊው መንገድና ስለ ፎቁ ይነግራቸዋል።

የማይነግራቸው ነገርም አለ። የሚያድርበትን ጠባብ ክፍል፥ ሌሊቱን ሲሠራ የሚያድርበትን የበዓል ዋዜማ፥ የክር መወደድን፥ ነጋዴው የሚሰጠውን ዋጋ፥ ጉድጓድ ውስጥ እግርን ሰቅሎ መዋል በወገብና በጉልበት ላይ የሚያመጣውን ሕመም አይነግራቸውም። ውሸታም ስለሆነ አይደለም። እናቱ እንዳታዝን፥ አባቱም በጎረቤት ፊት እንዳያፍር ብሎ ነው። ይህ ፍቅር ነው፤ ነገር ግን እውነት የጎደለው ፍቅር ታናናሾችን ያሳስታል። በማዕዱ ዙሪያ የተቀመጠ የ10 ዓመት ልጅ የሰማው ስለ ፎቁ ብቻ ነው።

ሽመና የተከበረ ሙያ ነው። የጋሞ ሸማኔ የኢትዮጵያን ሕዝብ አልብሷል፤ ዱንጉዛውም የሕዝቡ መታወቂያ ሆኗል። አባት በቤቱ ጓሮ ልጁን መወርወሪያ ሲያስይዝ፥ እናትም ሴት ልጅዋን ፈትል ስታስተምር በናዝሬት የነበረውን የቅዱስ ዮሴፍን ቤት እናስታውሳለን። ጌታችን በእናቱና በአሳዳጊው ዓይን ሥር ሆኖ በዚያ ቤት አደገ፤ ሙያንም በዚያ ተማረ።

5. ከዘመድ ጋር ነው ብሎ መገመት

ቅዱስ ሉቃስ በወንጌሉ ምዕራፍ 2 የሚተርክልን የበዓል ታሪክ ለእኛ የተጻፈ ያህል ነው። ቅድስት ቤተሰብ እንደ ልማዷ ለፋሲካ ወደ ኢየሩሳሌም ወጣች። ልጁ 12 ዓመቱ ነበር። በዓሉ አልቆ ሲመለሱ እርሱ በኢየሩሳሌም ቀረ፤ ወላጆቹም ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ። ከዚያ በዘመዶቻቸውና በሚያውቋቸው መካከል ፈለጉት፤ አላገኙትም። ተጨንቀው ተመለሱ፤ ከሦስት ቀንም በኋላ በቤተ መቅደስ አገኙት። የዚህ ታሪክ ዋና መልእክት ኢየሱስ በአባቱ ቤት መሆን የሚገባው መሆኑ ነው። ሆኖም እኛ ወላጆች ሌላም ነገር እንማርበታለን፤ ማርያምና ዮሴፍን ያህል ቅዱሳን ወላጆች እንኳ ልጁ ከዘመድ ጋር ነው ብለው በመገመታቸው ሦስት ቀን ተጨንቀዋል። ግምታቸው ትክክል አለመሆኑን ሲያውቁ ግን ጉዟቸውን አልቀጠሉም፤ እስኪያገኙት ድረስ ፈለጉት።

በጨንቻና በአካባቢው ባሉ የጋሞ ደጋማ ቀበሌዎችም ከመስቀል በኋላ እንዲህ ያለ ግምት ብዙ ልጆችን ከቤት አውጥቷል። ልጆች ወደ አዲስ አበባ የሽመና ቤቶች መወሰዳቸው ለብዙ ዓመታት ሲነገር የኖረ ነገር ነው። የሚወስዳቸው ሁልጊዜ የማይታወቅ ሰው አይደለም። ብዙ ጊዜ አጎት፥ የአጎት ልጅ፥ ወይም የመንደር ሰው ነው። በማዕዱ መካከል፥ ሥጋው ተበልቶ ቦርዴው በሚጠጣበት ሰዓት፥ «ይህን ልጅ ስጡኝ፤ አስተምረዋለሁ፤ እንደ ልጄ አደርገዋለሁ» ይላል። አባት ያለበትን ዕዳ ያስባል፤ እናት ዝም ትላለች፤ ልጁ ፎቁን ያስባል። በማግስቱ አውቶቡሱ ሲመለስ ልጁ ተሳፍሯል።

እንደ ቃሉ የሚፈጽም፥ የእኅቱን ልጅ በእውነት የሚያስተምር አጎት መኖሩን አንክድም፤ እግዚአብሔር ይባርከው። ቃሉ ሲታጠፍ ግን ልጁ ጠዋት ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ማታ የሚወጣ፥ ትምህርት ቤት የሚባለውን ከሩቅ የሚያይ፥ ያለ ደመወዝ የሚሠራና ቢያጠፋ የሚመታ ይሆናል። በሚመጣው መስቀል አጎቱ ብቻውን ይመጣል፤ ልጁ «ሥራ በዝቶበት» ይቀራል። እናትም ከዘመድ ጋር ነው ብላ ራስዋን ታጽናናለች።

የሀገራችን ሕግም በዚህ ነገር ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ደግሞ ልጅን ለጉልበት ብዝበዛ መመልመልን፥ ማጓጓዝንና ማስጠለልን ከባድ ቅጣት ያለው ወንጀል ያደርገዋል። ከሕጉም በላይ እምነታችን አለ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ቤተሰብን የቤት ቤተ ክርስቲያን ብሎ ሲጠራ ወላጆች በቃልና በምሳሌ ለልጆቻቸው የመጀመሪያዎቹ የእምነት መምህራን መሆናቸውን አስተምሯል። ይህ ኃላፊነት በአንድ የበዓል ምሽት ለሌላ ሰው ተላልፎ የሚሰጥ አይደለም።

6. እንግዲህ ምን እናድርግ?

ሀ. ወላጆች፦ ልጅን ለመውሰድ ለሚጠይቅ ዘመድ በበዓሉ ማዕድ ላይ መልስ አንስጥ። በዓሉ ይለፍና በረጋ መንፈስ እንነጋገር። ልጁ በየትኛው ሰፈርና በማን ቤት ይኖራል? በየትኛው ትምህርት ቤትና በስንተኛ ክፍል ይማራል? በየስንት ጊዜው ድምፁን በስልክ እንሰማለን? መቼስ ይመለሳል? ቅን ዘመድ በእነዚህ ጥያቄዎች አይቀየምም። እንዲያውም ልጁን በእውነት ማስተማር ከፈለገ በጨንቻ ትምህርት ቤት እያለ ደብተሩንና ልብሱን ሊችለው ይችላል።

ለ. ከከተማ የሚመጡ ወንድሞች፦ ስጦታችሁ እናቶቻችንን ደስ ያሰኛል፤ ከሁሉ የሚበልጠው ስጦታ ግን እውነት ነው። ለታናናሾቻችሁ ስለ ፎቁ ስትነግሩ ስለ ጉድጓዱም ንገሩ። በአጠገባችሁ የሚሠራ ልጅ ካለ በሚመጣው መስቀል ይዛችሁት ኑ።

ሐ. ሽማግሌዎች፦ በዓሉ ሲቃረብ የተጣሉትን ስታስታርቁ የልጆችንም ነገር ወደ ዱቡሻ አምጡ። ልጅን ወስዶ ቃሉን ያጠፈ ሰው በሕዝብ ፊት እንዲጠየቅ አድርጉ፤ ለሕግ የሚገባውንም ለሕግ ስጡ።

መ. ካቴኪስቶች፦ ከመስቀል በፊት ባለው እሑድ የልጆቹን ስም በመዝገብ ጻፉ። ከመስቀል በኋላ ባለው የመጀመሪያ እሑድ ያንኑ መዝገብ ገልጣችሁ በየስማቸው ጥሯቸው። ስሙ ተጠርቶ «አለሁ» ያላለ ልጅ ቢኖር በዚያው ሳምንት ወደ ቤቱ ሄዳችሁ ጠይቁ። ይህ ቀላል ሥራ ነው፤ እስክሪብቶና ደብተር ብቻ ይበቃዋል። መልካሙ እረኛ በጎቹን በየስማቸው እንደሚጠራ፥ የጠፋውንም እንደሚፈልግ ለልጆች የምናስተምረው እኛው ነንና።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በዘዳግም ምዕራፍ 16 ከተዘረዘሩት መካከል በእኛ መንደር የመስቀል ማዕድ የተረሳው ማን ነው? ዘንድሮ ማን ይጠራዋል?

2. ከበዓሉ በፊት መጀመሪያ ሄጄ መታረቅ የሚገባኝ ሰው ማን ነው?

3. ከቤታችን ወይም ከጎረቤታችን ወደ ከተማ የሄደ ልጅ አለ? ድምፁን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማነው መቼ ነው?

4. በቁምስናችን የልጆችን ስም የሚመዘግብና የሚከታተል ማን ቢሆን ይሻላል?

ውድ ምእመናን፥ የደመራው እሳት በአንድ ምሽት ነድዶ ያልቃል፤ የታረደው ሥጋም በጥቂት ቀን ያልቃል። ከበዓሉ የሚቀረው ዕርቁና የቤተሰቡ ደኅንነት ነው። ለሚመጣው መስቀል ወንድሞቻችን በሰላም ይምጡ፤ ሲመለሱም በሰላም ይመለሱ። አውቶቡሱ ወደ ቁልቁለቱ ሲያዘቀዝቅ በመንገድ ዳር ቆመው እጃቸውን የሚያውለበልቡት ልጆች ቁጥር በዋዜማው ማዕድ ዙሪያ ከተቀመጡት አይጉደል። ልጅዋን ሦስት ቀን ፈልጋ ያገኘች እመቤታችን ማርያም ልጃቸውን ለሚጠብቁ እናቶች ሁሉ ታማልድ።

ዮ መስቀላ!